ሰባት ሐምራዊ ክር

ቢራቢሮ መቁጠር ሥራ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በሰፈሩ አልነበረም። እትዬ ቬሎ ግን በየቅዳሜው፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ሰፊ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ የልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ዕፅዋት ማዕከሉ ትሄዳለች። እዚያ ከበሩ እስከ ኩሬው ስድስት መቶ እርምጃ የሚሆን የእግር መንገድ አለ። በዝግታ እየተራመደች፣ ከግራዋ እስከ ሦስት ሜትር፣ ከቀኟም እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ያየችውን ቢራቢሮ ሁሉ ትመዘግባለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወርቅ ለብሶ ቢመጣም አይቆጠርም። ደንቡ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ አላጓደለችም፤ ጥርሷን አሟት ጉንጯ ያበጠ ጊዜ እንኳ በአንድ እጇ ጉንጯን ይዛ በሌላው ጽፋለች።

እትዬ ቬሎ የተባለችው ሠላሳ ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ስለሰፋች ነው፤ ዋናውን ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ እሷም አልናፈቃትም። ዓይኗ የልብስ ሰፊ ዓይን ነው። ሰው ሲያልፍ ከፊቱ በፊት የትከሻውን ስፌት ታያለች። ቢራቢሮም ስታይ እንዲሁ ናት። ሌላው ሰው «ቢጫ ናት፣ ጥቁር ናት» ሲል፣ እሷ የክንፉ ጠርዝ የት ጋ እንደሚገባና የት ጋ እንደሚወጣ፣ ነጥቦቹ ከጠርዙ ምን ያህል ገባ ብለው እንደተደረደሩ ነው የምታየው። ቀለም ጨርቅ ነው፣ ጨርቅ ደግሞ ይለወጣል፤ ልብሱን የሚያሳውቀው ቅዱ ነው ትላለች።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው።

የማዕከሉ አዲሷ መዝጋቢ ቀጠን ያለች፣ መነጽራም፣ እርሳሷን ከወረቀቱ ጎን ቀጥ አድርጋ ካላስቀመጠች ሥራ የማትጀምር ወጣት ናት። የማዕከሉ የቢራቢሮ ዝርዝር ሊታተም ስለሆነ የአሥራ አንዱን ዓመት ቅጽ ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ቆልላ እትዬ ቬሎን አስጠራቻት።

«ይቀመጡ፣ እማማ።»

እማማ! እትዬ ቬሎ ስልሳ አራት ዓመት እማማ እንደሚያስብል ያወቀችው ያን ዕለት ነው። ቢሆንም ተቀመጠች።

«እዚህ ላይ ‹ባለ ጥርስ ጠርዝ› ብለው የጻፉት የቱን ነው?»

«ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያላትን ነዋ።»

«እኮ። እንደዚያ ያሉ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ናቸው።» መዝጋቢዋ ከመሳቢያ ውስጥ መስታወት ያለው ሳጥን አወጣች። በመርፌ የተሰኩ ሁለት ቢራቢሮዎች ጎን ለጎን ነበሩበት፤ አንዷ እንደ በሰለ ቲማቲም የቀላች፣ ሌላዋ ጥቁር ሰማያዊ። «አሥራ ሰባተኛዋ ቀይ፣ አሥራ ስምንተኛዋ ሰማያዊ። እርስዎ ሁለቱን በአንድ ዓምድ ቆጥረዋቸዋል።»

«አንድ ስለሆኑ ነዋ።»

«አንድ?»

«ልጄ፣ ቅዱን እዪው እንጂ! ነጥቦቹን ቁጠሪ። ይቺኛዋ ስትቀመጥ ክንፏን ሁለቴ ከፍታ ትዘጋና በሦስተኛው ዘርግታ ትቀራለች፤ ያቺኛዋም እንደዚያው። ቀይዋ ዝናብ ሲሆን ትመጣለች። ዝናቡ አባርቶ ብርድ ሲገባ እሷ ትጠፋና ሰማያዊዋ ትተካለች። አንድ ላይ አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»

«እኔና ጎረቤቴም አንድ ላይ ታይተን አናውቅም፣ እማማ። የሥራ ሰዓታችን ስለማይገጥም ነው እንጂ አንድ ሰው ሆነን አይደለም።»

እትዬ ቬሎ ባርኔጣዋን ጭኗ ላይ አደላደለች። ነገሩ ባያናድዳት ኖሮ ትስቅ ነበር።

መዝጋቢዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳች፦ እሷ የመዝገብ ሰው እንጂ የቢራቢሮ ሰው አይደለችም፤ ዝርዝሩ ሁለት ካለ ለእሷ ሁለት ነው። እትዬ ቬሎ ቀዩንና ሰማያዊውን ለይታ ካመጣች የአሥራ አንዱ ዓመት መዝገብ እንዳለ ይታተማል። ወይም አንድ ለመሆናቸው በእጅ የሚጨበጥ ማስረጃ ካመጣች። ከሁለት አንዱ ካልሆነ ግን አንድ ዓምድ የተበላሸበት መዝገብ አይታመንም፤ አሥራ አንዱም ዓመት ይቀራል፣ መንገዱም ለሌላ ቆጣሪ ይሰጣል። ዝርዝሩ የሚዘጋው የዛሬ ስምንት ሳምንት፣ ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ቤት ስትደርስ ባሏ ሬዲዮኑ ሥር ተጋድሞ ነበር። ሰፈሩ ሾፌሩ ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ለማስታወሻ ሁለት ነገር ይዞ መጥቷል፦ የአሮጌ አውቶቡሱን የሙቀት መለኪያና አንድ ጥቅል ባዶ የጉዞ ቅጽ። መለኪያዋን ይዞ የማይለካው ነገር የለም፤ ቅጹ ላይ ደግሞ ሽንኩርት ሊገዛ ሲወጣ እንኳ የተነሳበትን ሰዓት ይሞላበታል። ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ።

የሆነውን ነገረችው። ከዚያ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ለማንም አሳይታ የማታውቀውን ደብተር አወጣች። የማዕከሉ ቅጽ ለቀለም ቦታ የለውም። እሷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናትና ያየችው ቀለም እንዲጠፋባት አልፈለገችም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ባለ ጥርስ ጠርዝ፣ ልክ ቀለሟን የሚመስል አንድ አንድ ክር መርጣ በቀኑ ትይዩ በደብተሩ ዳር ትሰፋ ነበር። እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ደብተሮች ነበሯት። ደብተር ላይ ክር የምትሰፋ ሴት መባሉን ስለፈራች ቢሮ ወስዳቸው አታውቅም።

«ታዲያ ምን ጨነቀሽ?» አለ ሾፌሩ። «ክሩ ያውልሽ። ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ለዪና ስጫት፤ በቃ።»

«ሐምራዊዎቹንስ የት ላድርጋቸው?»

ሰባት ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። በአሥራ አንድ ዓመት ሰባት ብቻ፣ ሁሉም ዝናብ በሚያባራባቸው ሳምንታት ላይ። ቀይ ብላ ብትጽፋቸው ውሸት ነው፣ ሰማያዊም ብትል ውሸት ነው። በመካከል ያሉ ነበሩ፤ አንድ ናቸው ያስባላትም እነሱ ናቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አለና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቅዳሜ አብሯት ሄዶ አያውቅም። አንድም ቀን «ዛሬ ምን አየሽ?» ብሏት አያውቅም። ሌላውን ቀልዱን ሁሉ ትችለዋለች፤ ይሄኛው ግን ያማታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መዝጋቢዋን ለምና መንገዱ ላይ አወጣቻት። ልጅቷ ለቢሮ እንጂ ለጭቃ በማይሆን ጫማ መጥታ እግሯን እንደ ዶሮ እያነሳች ተከተለቻት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ባለች ጊዜ ቀይዋ መጣች። ከአጥሩ ሥር በበቀለ፣ ቅጠሉ ሲታሽ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ቁጥቋጦ ላይ አረፈች። ሁለቴ ከፍታ ዘጋች፤ በሦስተኛው ዘረጋች።

«ሦስት» አለች መዝጋቢዋ በሹክሹክታ፣ ሳታስበው።

ቢራቢሮዋ ከቅጠል ቅጠል እየዞረች አንድ አንድ እንቁላል አስቀመጠችና ሄደች። ሲቆጠር ዘጠኝ ሆነ። እትዬ ቬሎ ቅርንጫፎቹን በመቀሷ ቆርጣ ማሰሮ ውስጥ አስገባች፤ መዝጋቢዋም ደብተሯን አውጥታ «እንቁላል ዘጠኝ፣ እናት ቀይ» ብላ ጻፈችና ፈረመችበት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች እትዬ ቬሎ ደስ ብሏት። «ይሄ ደግሞ ስንት እግር እንዳለው ታያለሽ።»

ከዘጠኙ ሰባት ተፈለፈሉ። እያንዳንዱን ለየብቻው በመስታወት ብልቃጥ አድርጋ፣ አፉን ከሙሽራ ቀሚስ በተረፈ መረብ ጨርቅ ሸፍና፣ ከካውያ ጠረጴዛዋ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸው። ቀን ሙሉ እንፋሎቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ብርድ አይነካቸውም ብላ ነው። ጨቅላ እንደ መንከባከብ ነበር የቆጠረችው።

«አባጨጓሬ ባለበት ቤት እኔ አላድርም» አለ ሾፌሩ። አደረ። በሁለተኛው ሳምንት «ተሳፋሪዎችሽ ጨርሰው በልተዋል፣ ቅጠል ጨምሪላቸው» ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ቁጥቋጦ ከድሮው ጋራዥ ጀርባ አግኝቶ ቅጠል የሚያመላልሰው እሱ ሆነ። ተሳፋሪዎቹ ጥቁር፣ ሰውነታቸው ሁሉ እሾህ፣ ሆዳቸው የማይሞላ ነበሩ። አንዱ ሳይታሰብ ሞተ። እትዬ ቬሎ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ክር የምታስገባ መስላ አለቀሰች። ሾፌሩ ሬዲዮ የሚሰማ መስሎ አያት።

ስድስት ቀሩ። ያኔ ነው ጉዱ የፈላው።

የጎረቤት ልጅ ከእናቷ ጋር ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ነበር። እትዬ ቬሎ ተንበርክካ ታችኛውን ጠርዝ በስፒል እየያዘች ሳለ ሙሽሪት መስታወት ውስጥ ዓይኗ ትከሻዋ ላይ ተተከለ። አንዱ ተሳፋሪ መረቡን አልፎ፣ ከመደርደሪያው ወርዶ፣ ነጩን ቀሚስ እንደ አስፋልት ቀጥ ብሎ እየወጣ ነበር። ጩኸቱ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። እናትየው ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች።

«ይሄ ነገር ከዚህ ቤት ካልወጣ ቀሚሱ ከዚህ ቤት ይወጣል!» አለች።

እትዬ ቬሎ አባጨጓሬውን በወረቀት አንስታ ብልቃጥ ውስጥ ከተተችውና ለባሏ ሰጠችው። «ውጭ ጣለው» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ጠቆረ።

ሾፌሩ ብልቃጡን ይዞ ወጣና ትንሽ ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«የት አደረግከው?»

«ወረደ» አለ በአጭሩ።

የቀሩት አምስቱ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ተንጠለጠሉና ቅርፊት ውስጥ ገቡ። መዝጋቢዋ ልታያቸው መጥታ ይህ በመጽሐፍ ሙሽሬ እንደሚባል ስትናገር ሾፌሩ በሳቅ ሞተ። «ታዲያ ትክክለኛው ቤት ነው የመጡት!» አለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ መዝጋቢዋም ተጠራች። ሦስቱም ማሰሮ ከቦ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን አስግገው ቆሙ። እርጥብ ክንፎች ወጡ፣ ተንጠለጠሉ፣ ተዘረጉ።

ቀይ።

ሁለተኛዋ ቀይ። በማግሥቱ ሦስተኛዋና አራተኛዋ፣ ቀይ። አምስተኛዋም ቀይ፤ እንዲያውም ከሁሉም የባሰች ቀይ።

መዝጋቢዋ መነጽሯን አውልቃ ለረጅም ጊዜ ጠረገችው። «ቀይ ቀይን ወለደች፣ እማማ» አለች በመጨረሻ። እውነቱን ለመናገር ድምጿ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «ግን እስከ ዓርብ ሳምንት ጊዜ አለ። ለይተው ካመጡ ምንም አይጠፋም።»

እትዬ ቬሎ አምስቱን መስኮት ከፍታ ለቀቀቻቸው። ተሳስቼ ይሆን? ብላ ራሷን ጠየቀች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነው ያለችው ሁለት ከሆነ፣ ዓይኗ ሠላሳ ዓመትም ሲያታልላት ኖሯል ማለት ነው። ያን ሳምንት ሁለት ቀሚስ አበላሸች፤ አንዱን እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። በስተመጨረሻ እጅ ሰጠች። ደብተሮቿን ዘርግታ አንድ በአንድ ወደ አዲስ ቅጽ ገለበጠች፦ ቀዩን አሥራ ሰባተኛው ዓምድ ውስጥ፣ ሰማያዊውን አሥራ ስምንተኛው ውስጥ። ሰባቱ ሐምራዊዎች ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ባሏን ጠርታ ወረቀት ጠቅልላ ዕጣ አስወጣችው። አራቱ ቀይ፣ ሦስቱ ሰማያዊ ወጣላቸው። ጻፈች፤ ከዚያም እንደ ሌባ አፈረች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ሾፌሩ ሊያጽናናት።

«ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው» አለች። «ለማደር ጊዜ የለውም።»

ዓርብ ጠዋት ቅጾቹን የምታደርግበት ጠንካራ ካርቶን ፈለገች። እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ከደረጃው ሥር ባለችው ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጋር ግድግዳ የምትጋራ፣ መስኮት የሌላት፣ በበጋ እንኳ እግር የምታቀዘቅዝ ጠባብ ክፍል። ሾፌሩ ካርቶን ልትወስድ መሆኑን ሲሰማ ሻዩን ትቶ ተነሳ።

«እኔ አመጣልሻለሁ። ቆይ! እኔ—»

በሩን ከፍታዋለች። ከአሮጌ ጎማው በላይ፣ የሙቀት መለኪያዋ ጎን፣ አፉ በመረብ ጨርቅ የተሸፈነ ብልቃጥ ተቀምጧል። ውስጡ አንድ ቅርፊት ተንጠልጥሏል።

«ወርዷል አላልከኝም?»

«ውረድ አልኩት፤ እምቢ አለ» አለ ሾፌሩ ጆሮው እየቀላ። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ተንተባተበ። ሊጥለው አጥሩ ድረስ ሄዶ ነበር። እጁ አልታዘዘውም። አራት ቀን ደብቆ ቅጠል ሲያበላው ቆየ፤ አምስተኛው ቀን ቅርፊት ውስጥ ገባ፤ ሌሎቹ ሲወጡ ይሄ ግን ጭራሽ አልነቃም። ቀይ ሆኖ ወጥቶ ቁስሏን እንዳይቀሰቅስባት ብሎ ዝም አለ።

እትዬ ቬሎ እየሰማችው አልነበረም። ብልቃጡን ወደ በሩ ብርሃን አውጥታ ዓይኗን አስጠጋች። ቅርፊቱ ሳስቷል። በውስጡ የታጠፈው ክንፍ እንደ ቀጭን ጨርቅ ገበር ወደ ውጭ ይታይ ነበር። ቀለሙ ቀይ አልነበረም።

«ተነስ!» አለችው። «ጫማህን አድርግ!»

አውቶቡስ ላይ ብልቃጡን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባርኔጣዋን ከላይ ጋረደችው። ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ነጂ ጀርባ ቆሞ መንገዱን ሁሉ ሲነዘንዘው ሄደ። «ፍሬን እንዲህ አይያዝም፣ የኔ ልጅ! ነፍሰ ጡር ይዘናል!» ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እትዬ ቬሎን አየ፤ ስልሳ አራት ዓመቷን አየና መልሶ ሾፌሩን አየ። አንዲት ሴትዮ ግን ነገሩ ሳይገባት ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችለት።

ቢሮው ሲደርሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መዝጋቢዋ ዝርዝሩን አጠናቃ እርሳሷን ቀጥ አድርጋ አስቀምጣለች። ብልቃጡ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያርፍ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። እግር ወጣ፣ ራስ ወጣ፣ የተጨማደደ እርጥብ ነገር ወጣ። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። ክንፎቹ ቀስ እያሉ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ተዘረጉ፤ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ፣ ነጥቦቻቸው በየቦታቸው፣ ቀለማቸው ጥቁር ሰማያዊ።

ሁለቴ ከፍታ ዘጋች። በሦስተኛው ዘረጋች።

መዝጋቢዋ የመስታወት ሳጥኑን ከመሳቢያ አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠች። አሥራ ስምንተኛዋ ራሷ ናት። ግን መዝጋቢ መዝጋቢ ነው። «ይቺ ከዘጠኙ አንዷ ለመሆኗ ምን ማረጋገጫ አለ?» አለች። «ደብተሬ ላይ አምስት ነው ያለው። ስድስተኛው ተጥሏል ብለውኛል።»

እትዬ ቬሎ ወደ ባሏ ዞረች። ሾፌሩ ኮቱን ከፍቶ ከኪሱ አራት የታጠፈ የጉዞ ቅጽ አወጣ።

መዝጋቢዋ ተቀብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ቀን፣ ማክሰኞ። መነሻ፣ የካውያው መደርደሪያ። ሙቀት፣ ሠላሳ አንድ። ተሳፋሪ፣ አንድ። ማሳሰቢያ፣ ተሳፋሪው ከመስመር ወጥቶ ሙሽራ ላይ ተሳፍሯል።» ሳቋ አመለጣት፤ መልሳ ያዘችው። «መድረሻ፣ ከደረጃው ሥር። ሙቀት፣ አሥራ ስድስት።» ገጹን ገለጠች። ሃያ አራት ቀን። አንድም ቀን አልጎደለም፤ ጠዋትና ማታ ሙቀት ተለክቷል፣ የበላው ቅጠል ተቆጥሯል፣ ቅርፊት የገባበት ሰዓት ተጽፏል።

«ሠላሳ አንድ» አለች ለራሷ። «አምስቱ በሠላሳ አንድ ቀይ ሆኑ። አንዱ በአሥራ ስድስት...» ቀና ብላ እትዬ ቬሎን አየቻት። «ብርዱ ነው?»

እትዬ ቬሎ ግንባሯን በመዳፏ መታች። በእንፋሎቷ፣ በእንክብካቤዋ፣ አምስቱንም ለዝናቡ ወራት ያለበሰቻቸው ራሷ ናት! ያን ያህል ባትሳሳላቸው ኖሮ ይሄን ሁሉ ቀን ባልተንገበገበች። «ወይ እኔ!» አለች፤ ከዚያ ሳቁ መጣባት፤ ወንበሩን ይዛ ሳቀች።

መዝጋቢዋ ግን አሁንም ቅጹን እያነበበች ነበር። የጣቷ ጫፍ የመጨረሻው ዓምድ ላይ አርፏል። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የጉዞው ምክንያት፣ ባለቤቴ እንዳታዝን።» በሁለተኛው ቀን፣ «እንደ ላይኛው።» በሦስተኛው፣ «እንደ ላይኛው።» ወደ ታች ወረደች። እንደ ላይኛው፣ እንደ ላይኛው፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።

ሾፌሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር፤ ውጭ ደግሞ ከባዶ ግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እትዬ ቬሎ ሳቋ ቆመ። ሃያ አራት ቀን ሙሉ ሬዲዮ የሚሰማ መስሏት ስትቆጣው ከርማለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀችውም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በዕጣ የከፈለቻቸውን ቅጾች አወጣችና ለአራት ቀደደቻቸው።

መዝጋቢዋ ማስመሪያ አንስታ አሥራ ስምንተኛው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። በቀረው ጊዜ በሩቅ ሙዚየም የሚሠሩ አንድ የቢራቢሮ ሊቅ ዘንድ ደወለች። ሽማግሌው ከሌላኛው ጫፍ ሲስቁ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ።

«ምን አሉ?» አለች እትዬ ቬሎ።

«ይሄ ነገር ሌላ ቦታ ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነው፤ የእናንተን ሳጥን የሞላው ሰው ብቻ ነው ያላወቀው አሉ።»

«እና እስከ ዛሬ ዝም ይላሉ? አንድ ፖስታ መላክ አቃታቸው?»

ሾፌሩ ሚስቱን ከጎን «ክሩን ንገሪያቸው! ክሩን!» እያለ ጎሰማት፤ እትዬ ቬሎም እያፈረች የደብተሮቹን ክር ነገር አወጣችው፣ መዝጋቢዋም ቃል በቃል ለሽማግሌው አስተላለፈች። ስልኩ ውስጥ ሳቁ ቆመ። ቀለሟ በስንተኛው ሳምንት እንደሚለወጥ፣ ሳምንት በሳምንት፣ አሥራ አንድ ዓመት ተከታትሎ የጻፈ ሰው እሳቸው አያውቁም። ሐምራዊዎቹን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። መዝጋቢዋ ስልኩን ዘግታ «ደብተሮቹን ያመጡልኛል፣ እትዬ?» አለች። እማማ አላለችም።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እትዬ ቬሎ ባርኔጣዋን ደፍታ ስትወጣ ሾፌሩ የድሮ የሥራ ኮፍያውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል።

«በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አላት።

«አሁን።»

ዝናቡ እያባራ ያለበት ሳምንት ነበር። እሱ ደንብ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ያየውን ሁሉ በጣቱ እየጠቆመ፣ የሩቁንም የቅርቡንም እያወጀ ሄደ። ኩሬው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ድንገት ክንዷን ያዘ።

«ያቻት! ያቺ ቀለሟ ምንድን ነው?»

ድንጋይ ላይ ያረፈች ባለ ጥርስ ጠርዝ ነበረች። ቀይ አይደለችም፤ ሰማያዊም አይደለችም። እትዬ ቬሎ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ ከመንገዱ መካከል እስከ ድንጋዩ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ለካች። ሦስት ሜትር ከአርባ።

«አትቆጠርም» አለች።

«እንዴ! ሐምራዊ ናት እኮ! እኔ ነኝ ያየኋት!»

«ደንብ ነው። አርባ ሳንቲ ሜትር ወጥታለች።»

ሾፌሩ አኩርፎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ከኪሱ ቅጽ አውጥቶ መሙላት ጀመረ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ በትከሻው ላይ አነበበችው። ተሳፋሪ፣ ሁለት። ሙቀት፣ ሃያ ሁለት። የጉዞው ምክንያት፣ እንደ ላይኛው።

ቅጹን ከእጁ ወሰደችው። ከቦርሳዋ መርፌና የክር ሳጥኗን አውጥታ፣ ብዙ ፈልጋ፣ ልክ ቀለሟን የሚመስለውን ሐምራዊ ክር መረጠች። በደብተሯ ላይ አልሰፋችውም። በእሱ ቅጽ ዳር፣ በቀኑ ትይዩ ሰፋችው፤ ጫፉን ቋጥራም በጥርሷ በጠሰችው።